ተጠልፏል ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ስልክ ፍላሽ አታስደርጉ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞች እህቶች። ጎንደር አራዳ ዙሪያ ሞባይል ጥገና ላይ ከተቀመጥኩ 11 ዓመት አልፎኛል፣ ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ስክሪን ወይ ስለ ቻርጀር አይደለም፣ ሆዴ ውስጥ ሁለት ዓመት ስለቆየ ነገር ነው።

አንድ ቅዳሜ ገበያው ደርቶ ሰው እየተጋፋ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ አንድ ደንበኛዬ መጡ። ሥራቸው የታሰሩ ሰዎችን ቤተሰብ ቤት ለቤት እየዞሩ ማነጋገር ነው፣ ማን መቼ ከየት ተወሰደ የሚለውን በደብተር ይይዛሉ፣ ደሞዝ የሚከፍላቸው የለም። ስልካቸው ሳምሰንግ ነው፣ ጥጉ ተሰንጥቆ ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ በመሀረብ ጠቅልለው ሲያቀብሉኝ መሀረቡ ራሱ ይሞቃል። ከማያውቁት ቁጥር ቴክስት ገብቶላቸዋል። አየሁት። የታሰሩት ሰዎች ሙሉ ስም ዝርዝር ተገኝቷል ይላል፣ ዝርዝር የሚለው ቃል ዝርዘር ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ከሥሩ አጭር ሊንክ አለ። ነክተውታል፣ በእሳቸው ቦታ ሆኖ ማን አይነካም። ነጭ ገጽ ከፍቶ ተዘጋ፣ በቃ፣ ከዛ ወዲህ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ደግሞ ከምሳ አያልፍም።

እኔ ምን አደረኩ፣ ሁላችንም የምናደርገውን ነዋ። ኬብል ሰክቼ ፍላሽ፣ ማለትም ውስጡን ጠርጎ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን። እሳቸው ጎን ካለው ሻይ ቤት ሁለት ሻይ እስኪጠጡ መስመሩ መቶ ሞላ፣ የሳምሰንግ ጽሑፍ በራ፣ ስልኩ እንደ አዲስ ሆነ፣ መርቀውኝ ሄዱ። በሳምንቱ በሰው በሰው ውጭ ሀገር ካለ የዚህ ነገር ባለሙያ ጋር ተገናኙና ሰውየው መጀመሪያ የጠየቃቸው መልእክቱ አለ ወይ ብሎ ነው። የለም። ሊንኩን የሆነ ቦታ ጽፈውት ነበር? የለም። ስልኩስ እንደነበረ ነው? አይደለም። ምን እንደገባባቸው፣ ከየት እንደመጣ፣ ያነጋገሯቸው ቤተሰቦች ስምና ቁጥር ወጥቶ ይሁን አይሁን፣ ይሄን ሁሉ ሊናገር የሚችለው ነገር በኔ ኬብል ተጠርጎ ሄደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እኔ ካፈሰስኩት የምለቅመውም አላገኘሁ።

ከዛ ወዲህ ነው ማታ ማታ ማንበብ የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤምሬትስ ውስጥ አህመድ መንሱር የሚባል የመብት ተሟጋች ስልኩ ላይ ቴክስት ገባለት፣ እስር ቤት ውስጥ ስለሚፈጸም ስቃይ አዲስ ምስጢር አለ የሚል፣ ከሊንክ ጋር። ማጥመጃው ከኛው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል እዩልኝ። መንሱር ከዛ በፊት ሁለቴ በሌላ ሌላ ስፓይዌር፣ ማለትም ተደብቆ ገብቶ በሚሰልል ሶፍትዌር፣ ተሞክሮበት ስለነበር አልነካውም፣ አላጠፋውምም፣ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ላሉት ለሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች ላከው። እነሱ ሊንኩን በራሳቸው መሞከሪያ አይፎን ከፍተው ነገርየው ሲገባ እያዩ ያዙት። ኤንኤስኦ የሚባለው የእስራኤል ኩባንያ የሚሸጠው ፔጋሰስ ነበር፣ አፕል ራሱ በማያውቃቸው ሦስት ቀዳዳዎች ተጠቅሞ የሚገባ። ቴክስቱ በገባ በሁለት ሳምንት ገደማ አፕል 9.3.5 የሚባለውን አፕዴት ለቀቀ። ያን ጊዜ አይፎን ይዞ አፕዴት ያደረገ ሰው ሁሉ፣ መንሱርን ሰምቶት የማያውቀውም ጭምር፣ በዛች ሳትጠፋ በቆየች ቴክስት ነው የተጠበቀው።

እና የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ፣ የመብት ሠራተኛ፣ የታሰረ ሰው ቤተሰብ፣ ተጠለፍኩ ብሎ ሲመጣ ፍላሽ አናድርግ። እኛ ጠጋኞች ያ መልእክት መጀመሪያ የሚደርስበት እጅ ነን። ተሳስተሃል የሚል ካለ ይናገር፣ እሰማለሁ።

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም የመልሱ ሰንሰለት፣ ስለረዘመና ብዙዎቻችሁ ዳታ ቆጥባችሁ ስለምታነቡ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየጠራሁ እኔው በራሴ ቃል እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

1ኛው ከአዘዞ የሙያ ጓደኛ ነው። አመስግኖኝ ሲያበቃ እሱም በቀን አራት አምስት ስልክ ፍላሽ እንደሚያደርግ፣ ከነዚህ ውስጥ ተጠለፍኩ ብሎ የመጣው ስንቱ እንደሆነ ቆጥሮት እንደማያውቅ ጻፈ። ጥያቄው የሠራተኛ ጥያቄ ነው፣ ፍላሽ ካላደረገ ደንበኛውን ምን ብሎ ይሸኘው፣ ሰው እንደሆነ ምንም ሳይሠራለት ብር አያወጣ።

2ኛው የኔ መልስ ነው። መልእክቱ አይነካ አይጥፋ፣ ቁጥሩና ሰዓቱ እንዲታይ ተደርጎ በሌላ ስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ከዛ በኋላ በዛ ስልክ ምስጢር አይወራበት፣ ከሌላ ንጹህ ስልክ ባለሙያ ይፈለግ አልኩ። አክሰስ ናው የሚባለው ድርጅት ለጋዜጠኞችና ለመብት ሠራተኞች በነጻ፣ 24 ሰዓት የሚሠራ የእርዳታ መስመር እንዳለው፣ አምነስቲም ሴኩሪቲ ላብ የሚባል ክፍል እንዳለው ጠቆምኩ። ስልኩ ወዲያው ጠፍቶ ይቀመጥ ብዬ ጨምሬ ነበር፣ እዚህ ላይ ነው የታረምኩት።

3ኛዋ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምትማር ልጅ ናት፣ የክሩን ግማሽ የተሸከመችው እሷ ነች ብል አላጋነንኩም። በትህትና ጀምራ ሁለት ነገር አረመችኝ። አንደኛ፣ የዛሬ ስፓይዌር ብዙው ስልኩ ውስጥ ተተክሎ አይቀመጥም፣ የሚሠራው ሜሞሪ ላይ ነው፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ራሱ ይሄዳል፣ ላኪው ሲፈልግ እንደገና ይልከዋል። ስለዚህ ስልክ ማጥፋት ለሰውየው እፎይታ ሊሆን ይችላል ግን ከዱካው የተወሰነውን ይዞ ይሄዳል፣ እና ከማጥፋት በፊት ባለሙያውን መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ፎቶ ብቻውን አይበቃም፣ ሊንኩ ራሱ፣ ፊደል በፊደል፣ መልእክቱ ውስጥ እንዳለ መቆየት አለበት፣ ምክንያቱም ተመራማሪው የሚፈልገው ከሊንኩ ጀርባ ያለውን ሰርቨር፣ ማለትም ስፓይዌሩን የሚልከውን ኮምፒውተር ነው፣ ሰርቨሩ ደግሞ ነቄ ሲባል ቶሎ ይነሳል፣ የአንድ ሳምንት መዘግየት ሁሉን ነገር ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ይሄን ሳነብ ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ፣ የኔ ደንበኛ ባለሙያውን ያገኙት በሳምንቱ ነበር።

እዛው ላይ ኤምቪቲ ስለሚባለው መሣሪያ አስረዳች። አምነስቲ በ2021 የፔጋሰስ ጉዳይ በዓለም ጋዜጦች ሲወጣ አብሮ በነጻ የለቀቀው ነው፣ የአይፎን ባክአፕ፣ ማለትም የስልኩን ይዘት ቅጂ፣ ወስዶ ውስጡን ከታወቁ የስፓይዌር ዱካዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። አይፎን ብዙ ዱካ ስለሚያስቀር እሱ ላይ ጥሩ ይሠራል፣ አንድሮይድ ግን የሚያስቀረው ትንሽ ስለሆነ በዋናነት የሚታየው ቴክስት ውስጥ ያሉ ሊንኮችና የተጫኑ አፖች ናቸው። ጎንደር ላይ ደግሞ አብዛኛው እጅ የያዘው ቴክኖና ሳምሰንግ ነው፣ ማለትም እኛ ጋ ያቺ ቴክስት ከጠፋች ሌላ የሚታይ ነገር እምብዛም አይቀርም። ይሄን ነጥብ እኔም አላሰብኩትም ነበር። ምርመራው ምንም አላገኘም ማለት ስልኩ ንጹህ ነው ማለት እንዳልሆነም አስጠነቀቀች።

ከ4 እስከ 8 ያሉት ስለ ባትሪ ናቸው። አንዱ የሱም ስልክ ስለሚሞቅ መጠለፉን እርግጠኛ ሆኗል፣ ሌላዋ የእህቷ ቴሌግራም ተጠልፎ ከዘመድ ሁሉ ብር እንደተጠየቀበት ተረከች፣ ሦስተኛው የ7 ዓመት ባትሪ ይዞ ፔጋሰስ ማለት ነውር መሆኑን ነገረን። ሙቀት ብቻውን ማስረጃ አይደለም፣ ያበጠ ባትሪም ይግላል፣ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ የባጃጅ ሹፌር ስልክም ይግላል። የቴሌግራሙ ነገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፣ ልጅቷ የገባላትን ኮድ ለሆነ ሰው አንብባ ሰጥታለች፣ ለዛ መድኃኒቱ ቱ ስቴፕ የሚባለውን የይለፍ ቃል ማብራት ነው። ይሄን ጽፌ አለፍኩ።

9ኛው ጨዋታውን አከረረው። ይሄ ሁሉ ወሬ የሱቅ ማስታወቂያ ነው፣ ሰውን አስፈራርቶ ደንበኛ መሰብሰብ ነው የሚል ነው። ምን እንደምል ሳስብ 10ኛዋ ቀደመችኝ።

10ኛዋ ጠበቃ ናት፣ ስሟንም ቢሮዋንም አልጻፈችም፣ ደግ አደረገች። 9ኛውን በቁጣ ሳይሆን ቀስ አድርጋ ነው የያዘችው። አንድ ሱቅ የሚያስተዋውቅ ሰው ሥራ አትሥሩ ብሎ አይመክርም፣ ፍላሽ ገቢው ነው አለችው። ቀጥላ ስልኳ የሷ እንዳልሆነ ጻፈች። ውስጡ ያለው የምስክሮች ድምፅ ነው፣ ልጇ ተወስዶባት ሌሊት የደወለች እናት ናት፣ ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ቃል የሰጡ ሰዎች አድራሻ ነው፣ እሷ ብትጠለፍ የምትጎዳው እሷ መጨረሻ ላይ ናት። ስለዚህ ስልኳ ላይ የሆነ ነገር ሆኗል ከተባለ የመጀመሪያ ጥያቄዋ እንዴት ላጽዳው ሳይሆን ማንን ላስጠንቅቅ ነው፣ ማንን እንደምታስጠነቅቅ ለማወቅ ደግሞ ምን እንደወጣ ማወቅ አለባት፣ ያንን የሚነግራት ያልተነካ ስልክ ብቻ ነው። እኔ በመክፈቻው ላይ ልል ፈልጌ ያልቻልኩትን ነው ያለችው፣ እኔ ስለ ተመራማሪዎቹ ሳስብ እሷ ስለ እናትየዋ አሰበች።

11ኛው ስንት ብር ነው የቴክኖ ስክሪን ብሎ ጠየቀ። በውስጥ መስመር መለስኩለት።

12ኛው ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው፣ ስድብ ግን የለበትም። ፔጋሰስ በሚሊዮን ዶላር የሚሸጥ ነገር ነው፣ ለጎንደር ሰው ማን ያወጣዋል ነው የሚለው። የሆነ ኬላ ላይ ከሚኒባስ አስወርደው ስልክህን ክፈት እንዳሉት፣ ፓተርኑን ራሱ ስሎ እንደከፈተ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጡ ፊት ለፊታቸው እንደቆመ ጻፈ። ለዚህ ምን ሶፍትዌር ያስፈልጋል አለ። ልክ ነው፣ በዚህ ማንም አልተከራከረውም፣ ጠበቃዋ ብቻ ወደ መንገድ የሚወጣ ሰው የማያስፈልገውን ነገር ስልኩ ላይ ይዞ አይውጣ ብላ ጨመረች።

13ኛው ግን ማን ያወጣዋል ለሚለው መልስ ነበረው፣ ረጅም ጽሑፍ ነው፣ እኔ አሳጥሬዋለሁ። ለኛ ሰው ወጥቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው) ሲቲዝን ላብ የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የሚባል ስፓይዌር ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ሲገናኝ አገኘ። በዛው ዓመት መጨረሻ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ሶፍትዌር ተሞከረ፣ በ2014 መጨረሻ ተደገመ፣ በ2015 ሐምሌ ላይ ኩባንያው ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት ሰነድ ሲወጣበት ኢትዮጵያ ከደንበኞቹ መሐል ተገኘች። በ2017 ደግሞ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ምርት ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ላይ ተገኘ፣ ከነሱ ውስጥ የኦኤምኤን (የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ) ሰዎች ነበሩ። ኢስትአፍሮ የሚባለውን የኤርትራ ቪዲዮ ድረገጽ አስመስለው፣ መጨረሻው ላይ ኮም የነበረውን ኔት አድርገው፣ ቪዲዮውን ለማየት አዶቢ ፍላሽ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ አፕዴት ያስፈልጋል እያሉ ነበር የሚያስጭኑት። የተያዙበት መንገድ ነው ደስ ያለኝ። የሰርቨሩ መዝገብ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ክፍት ተትቶ ነበር፣ ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ቁጭ ብለው አነበቡት፣ 20 ሀገር ውስጥ የተጠቁ ኮምፒውተሮች አገኙ። የዚህ ሁሉ ምርመራ መነሻ ደግሞ የገባለትን ኢሜይል ጠርጥሮ ለተመራማሪዎች ያስተላለፈ ሰው ነው።

14ኛው ይሄን ሲያይ ጎራ ቆጠረ። ያን ጊዜ የኛ ሰዎች ሲጠለፉ እናንተ የት ነበራችሁ ብሎ ገባ፣ 15ኛው ከወዲያኛው ጎራ ሆኖ ተመሳሳዩን መለሰለት፣ 16 እና 17 ስድብ ነው፣ አስተዳዳሪው አጥፍቷቸዋል፣ እኔም አልደግማቸውም። 18ኛዋ ተማሪዋ ናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥታ። የ13ኛውን ዝርዝር እንደገና እንዲያነቡ ጠየቀች፣ ኢሳትም አለበት ኦኤምኤንም አለበት፣ ሁለቱ እርስ በርስ የማይስማሙ ሰዎች በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የተጠመዱት፣ ሁለቱንም ለይተው ያወጡት ደግሞ እነዚያው ተመራማሪዎች ናቸው። ማን ምን ያምናል ብለው አልጠየቁም። እሷም መጥቶ ስልኬን እዪልኝ የሚላትን ሰው ከየት ነህ ብላ እንደማትጠይቅ ጻፈች። ከዚህ በኋላ 14ኛው አልተመለሰም።

20ኛው የባጃጅ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ ያለ ሰው ነው፣ ስለ አፕዴት ያነሳው ነገር በጣም ጠቃሚ ሆኖ አገኘሁት። በኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት ላይ ዳታ ሲዘጋብን ለብዙ ወራት ስልኮቻችን አፕዴት ሳያገኙ ከረሙ። ሰው አፕ ሲፈልግ ያለ ዳታ ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር ከጓደኛ ይወስድ ነበር፣ ጂቢ ዋትስአፕ የሚባለው በሌላ ሰው የተነካካ ዋትስአፕ፣ የሆነ የተከፈተ ቴሌግራም፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ነገር ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዳታው ሲመለስ ማን ዞር ብሎ አጸዳው። ይሄን እኔም በሱቄ አየዋለሁ፣ ዛሬም ድረስ የሚመጣው ስልክ የሴኩሪቲ አፕዴቱ ቀን ያኔ የቆመበት ነው። አንድ ቀዳዳ ታውቆ ሲደፈን የተደፈነው አፕዴት ላደረገ ሰው ነው፣ መንሱር ያስደፈነው ቀዳዳ አፕዴት ላላደረገ አይፎን ክፍት እንደሆነ ነው የቆየው። 21 እና 22 ዜንደር ላይ ያላቸውን ፍቅር ገለጹ።

23ኛው ደግሞ ሌላ በኩል መጣ። የሀገራችንን ሰው ምስጢር ለፈረንጅ ላኩ እያላችሁ ነው፣ ከአንዱ ሰላይ ወደ ሌላው ሰላይ ማስተላለፍ ነው የሚል ክስ ነው፣ ቃሉ ስለታም ቢሆንም ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። 24 ላይ ተማሪዋ መለሰች። ኤምቪቲ የሚሠራው በራስህ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ባክአፑ ከቤት አይወጣም፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ የሚችል ሰው አንብቦ ያረጋግጠው። ወደ ውጭ የሚሄደው ባለቤቱ ፈቅዶ የሚልከው ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚበቃው አንዲት ቴክስት ናት። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ስልክ መመርመር ራሱ ጠለፋ ነው ብላ እኛን ጠጋኞችን ጠቅሳ ጻፈች። 23ኛው ይሄን ተቀበለ፣ ግን እዚህ ያሉ ልጆች ለምን አይማሩትም አለ፣ በዚህ ሁላችንም ተስማማን።

27ኛው አባት ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ከ70 በላይ ነው ብለዋል፣ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው እያነበቡ እንደነበር ጻፉ። ስፓይዌር የሚለውን ቃል አልወደዱትም፣ በእሳቸው ጊዜ ጆሮ ጠቢ ነበር የሚባለው። በደርግ ጊዜ ቀሐ ማዶ ይኖሩ እንደነበር፣ ወንድማቸው ወረቀት የሚያባዛበትን ታይፕ እናታቸው ጎተራ ውስጥ ጤፍ አልብሰው እንደደበቁት፣ ጆሮ ጠቢው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ እያወቀው ቡና ሲጠራ ወሬው እንደሚቀየር ተረኩ። አሁን ግን ማንን አይተን ወሬ እንቀይር ብለው ጠየቁን። እውነት ለመናገር ቆይቼ ነው ያነበብኩት፣ ደጋግሜም። አንቱ እያልን ከ28 እስከ 34 ድረስ እሳቸውን ስንጠይቅ ቆየን፣ ታይፑ ምን ሆነ፣ ወንድምዎ ተረፉ ወይ። ታይፑ አሁንም ቤት አለ። ስለ ወንድማቸው አልመለሱም። ከዛ በኋላ ክሩ ውስጥ ስፓይዌር የሚል ጠፋ፣ ሁሉም ጆሮ ጠቢ ማለት ጀመረ፣ እኔም ከዚህ በታች እንደዛው ነው የምለው።

36ኛው በክሩ ውስጥ ከባዱ ነው። መንሱርን ጀግና አድርገህ አቀረብከው፣ መጨረሻውን ግን ደበቅክ አለኝ። መጋቢት 2017 ላይ ከቤቱ ተይዞ ተወሰደ፣ በ2018 10 ዓመት ተፈረደበት። መልእክቱን አስቀመጠ፣ ላከ፣ ዓለም አፕዴት አደረገ፣ እሱ ገባ። አክሎም አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ኪዳኔ በሚል መሸፈኛ ስም ኮምፒውተሬ በፊንስፓይ ተጠልፏል ብሎ እዛው ፍርድ ቤት ቢከስ በ2017 ይግባኝ ሰሚው እንደዘጋበት አስታወሰን። እና ማንን ነው የምትጠብቁት አለ።

37ኛው በዛው መንፈስ የዞን 9 ጦማሪዎችን አነሳ። በ2014 የተያዙት ልጆች ክስ ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ራስን ስለመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ተጽፎ ነበር፣ በሽብር ክስ ውስጥ ማለት ነው። ዛሬ እዚህ የምታወሩት ነገር ነገ የክስ ወረቀት ላይ የማይገባበት ምክንያት ምንድነው አለ።

ሁለቱንም ካነበብኩ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ወደ ጃንተከል በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። መጨረሻውን አለመጻፌ ልክ አልነበረም፣ አውቀው ነበር፣ ሰው ይፈራል ብዬ ነው ያስቀረሁት፣ 38 ላይ ይሄን አምኜ ይቅርታ ጠየኩ። የሚያምን ሰው ሙሉውን አውቆ ነው መወሰን ያለበት። ግን ደግሞ መንሱርን ያሳሰረው መልእክቱን ማስቀመጡ ነው የሚለውን አልቀበልም፣ ከዛ በፊትም በ2011 ታስሮ ነበር፣ በፊንስፓይና በሃኪንግ ቲም ተሞክሮበት ነበር፣ ዝም ቢልም አልተዉትም ነበር።

39 ላይ ጠበቃዋ የሕጉን በኩል ያዘች። የዞን 9 ልጆች መጨረሻ ላይ፣ ከፊሎቹ ሐምሌ 2015 ክሳቸው ተነስቶ፣ የቀሩት በጥቅምት ከሽብሩ ክስ ነጻ ተብለው ወጥተዋል። የኪዳኔ በር ቢዘጋም ሌላ በር ተከፍቷል። በ2019 ጆሮ ጠቢው በዋትስአፕ ጥሪ፣ ስልኩ ባይነሳም እንኳ፣ ወደ 1,400 ስልኮች ተልኮ ነበር፣ ከነሱ ውስጥ ብዙ ጋዜጠኞችና የመብት ሰዎች አሉ። ዋትስአፕ ኤንኤስኦን ከሰሰ፣ በ2024 መጨረሻ ዳኛዋ ኤንኤስኦ ተጠያቂ ነው አለች፣ በ2025 ከሕዝብ የተመረጡት ዳኞች (ጁሪው) ወደ 168 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱበት፣ በኋላ ገንዘቡ ወደ 4 ሚሊዮን ቢወርድም ዋትስአፕን እንዳይነካ ታግዷል። ይሄ ክስ የቆመው በማስረጃ ነው፣ የተጠቁትን ሰዎች ማንነት ለይቶ ለማግኘት የሲቲዝን ላብ ሰዎች ረድተዋል። 36ኛው ላይክ አላደረገም፣ ግን እሺ የምትል አንዲት ቃል ጻፈ።

41ኛዋ ጥንቃቄው ለኛ ኪስ ምንድነው ብላ ወደ መሬት አወረደችን። አይፎን ያለው ሎክዳውን ሞድ የሚባለውን ያብራ፣ ከ2022 ጀምሮ አለ፣ ነጻ ነው፣ አንዳንድ ነገር ይከለክላል ግን ጆሮ ጠቢው የሚገባባቸውን ብዙ በሮች ይዘጋል። አንድሮይድ የያዘ ከፕሌይ ስቶር ውጭ መጫንን ይዝጋ፣ ጂቢ ዋትስአፕን ያውጣ፣ አፕዴት ያለው ስልክ ይግዛ። በየቀኑ አጥፍቶ ማብራትም ይረዳል፣ 3 ላይ በተባለው ምክንያት። ከአፕል ወይ ከዋትስአፕ ተነጣጥሮብሃል የሚል ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ደግሞ ቀልድ አይምሰለው፣ ያን ቀን ባለሙያ ይጥራ። 42 እና 43 ስለ አይፎን ዋጋ ነው፣ 44 የልደታ ሰፈር መብራት ስለመጥፋቱ።

46ኛው የአዘዞው ጓደኛዬ ተመልሶ ነው። እሱና ሁለት ፒያሳ ላይ የሚሠሩ ልጆች ከሰኞ ጀምሮ ተጠለፍኩ ብሎ የመጣ ሰው ስልክ ላይ ኬብል ከመሰካታቸው በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቁ መስማማታቸውን ጻፈ፣ መልእክት ገባልህ ወይ፣ አለ ወይ፣ ሥራህ ምንድነው። ሦስተኛውን ጠበቃዋ ወዲያው አስወጣችው፣ ሥራውን መናገር የማይፈልግ ሰው ይኖራል፣ በምትኩ ሳይነካ እንዲቆይ ትፈልጋለህ ወይ ይባል አለች። ተስተካከለ። ተማሪዋ እሑድ ከሰዓት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ኤምቪቲን ልታሳየን ተስማማች፣ እኔ አንድ የቆየ ላፕቶፕ አለኝ፣ እሱን አመጣለሁ አልኩ። 49ኛው ነጻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ነጻ ነው።

ከ50 እስከ 56 የተጻፈው ቀን ስለመምረጥ፣ ቦታ እዚህ እንዳይጻፍ፣ እና አንዱ ሰው የኔን ፊደል ግድፈት ስለማረም ነው፣ አርሜዋለሁ።

57ኛው አሁን ባዶ ነው፣ ጽሑፉ ጠፍቷል ይላል። የጻፉት እኚያ በመሀረብ ስልክ ጠቅልለው ያመጡልኝ ደንበኛዬ ናቸው፣ ጠፍቶ ሳያልቅ አንብቤዋለሁ። 58 ላይ ጠበቃዋ ይሄ እዚህ አይጻፍም፣ አሁኑኑ ያጥፉት አባቴ ብላ በጭንቀት ጮኸችባቸው፣ እሳቸውም አጠፉት፣ ደግ አደረጉ፣ ስለዚህ ምን እንደነበር እኔም አልጽፍም። 59ኛው ምን ነበር የጠፋው ብሎ ጠየቀ፣ ማንም አልመለሰለትም።

ሰኞ ሱቁን በ9 ሰዓት ዘግቻለሁ። ስክሪን ልታስቀይሩ መጥታችሁ ያጣችሁኝ ሁለት ሰዎች ይቅርታ፣ ማክሰኞ ጠዋት አለሁ።